ድምጿ ዝግ ያለው ጠበቃችን

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጫነው ኮንቴይነር ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቶ፣ በዝውውር ወንጀል ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቃችን ድምጿ ዝግ ያለ ወጣት ናት። እናቱ ችሎት መሃል ጎሸም አድርገውኝ፣ «ምነው ልጄ፣ የሚጮህ ጠበቃ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ።

ጠበቃዋ ተነስታ ኮንቴይነሩን ፈትሾ ለምስክርነት የቀረበውን ፖሊስ፣ «ኮንቴይነሩን በምን ከፈታችሁት?» አለችው።

«ቁልፉን ሰብረን።»

«ለምን ሰበራችሁት?»

«ሾፌሩ መክፈቻ አልነበረውማ!»

«አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች።

እኔ ብሆን መቶ ጥያቄ እደረድር ነበር፤ እሷ ግን የት ማቆም እንዳለባት ታውቃለች። ባሌ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

በነጻ የተሰናበተ ዕለት፣ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው የእናቱ ድምፅ ጠፍቶ፣ ጠበቃዋን እቅፍ አድርገው ያመሰገኗት በሹክሹክታ ነበር።