ደህና የማይል መሣሪያ

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን በሁለተኛዋ መሣሪያ ወገብ ላይ ጠምጥማ ለካች። ሦስት የሳተላይት መገናኛዎች በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በክርና በቁልፍ ቆርቆሮዎች መካከል፣ ተራ እንደሚጠብቁ ደንበኞች ተደርድረዋል። ለምትመረጠዋ የሸራ ኪስ ልትሰፋላት ነው። ኪሱ የሻንጣው ማንገቻ ላይ ይሆናል፤ መሣሪያዋ ሰማይ ካላየች አትሠራምና። ሸራው ተዘርግቷል፣ መቀሱ ተስሏል፤ የቀረው ምርጫው ነው።

ምርጫው የባሏ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ባለቀ ነበር። ባሏ ድንጋይ መርማሪ ነው፤ ስልክ የማይሠራበትን ተራራ ሁሉ እየዞረ ድንጋይ በመዶሻ ይፈልጣል። ሰፈሩ «ደህናው» ይለዋል። አመመህ ሲሉት ደህና፣ ራበህ ሲሉት ደህና። አምና ገደል ውስጥ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ደጃፏ ላይ ሲያወርዱት፣ ገና አፏን ሳትከፍት «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ነው። ያን ዕለት ማለች፦ የዚህን ሰውዬ ቃል ብቻ የማያምን ነገር እስካላገኘች ድረስ ተራራ የሚባል አይወጣም። ጉዞው ደግሞ የፊታችን ሰኞ ነው።

«ይቺን ትንሿን እንውሰዳ» አለ ደህናው፣ የመጀመሪያዋን በመዳፉ እየመዘነ። «አንድ ቁልፍ ብቻ። ጫን ማድረግ ነው፣ ይደርሱልሃል። ወርሃዊ ክፍያ የላት፣ ወሬ የላት።»

«ወሬ ስለሌላት አይደል የወደድካት?»

ከፎቁ ሥር ካለው ሱቁ መሣሪያዎቹን ለሙከራ ይዞ የወጣው ባለ ሱቅ ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ እውነት ለመናገር ጠንካራ ናት። ብቻ ለሙከራ እንዳትነኳት! አንዴ ከተጫነች ነፍስ አድን ሠራተኞች ናቸው የሚነሱት።»

«ሰማህ? ሰው ታስነሳለች። አንተ እንኳን ነፍስ አድን፣ አስተናጋጅ መጥራት የሚጨንቅህ! ሾርባህ ውስጥ ዝንብ ገብታ፣ በማንኪያ ዞር እያደረግክ የጨረስክ ሰው!»

«ትንሽ ዝንብ ነበረች» አለ ደህናው።

«ቁልፏስ ምንም አይወጣላትም፤ ይሉኝታው ያለው ጣቱ ላይ ነው» አለችና ትንሿን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋቻት። «ይቺኛዋስ?»

«ይቺ ስትጫን አስቀድሞ የተጻፈ መልእክት ትልካለች።»

«ምን የሚል?»

«‹ደህና ነኝ› የሚል» አለ ባለ ሱቁ፣ ኮራ ብሎ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ መርፌ መሰኪያው ከጭኗ ወድቆ እስኪንከባለል ድረስ ሳቀች። «ይቺማ ራሱ እሱ ናት፤ ባትሪ የገባለት!»

ሦስተኛዋ ከበድ ትላለች። ትጽፋለች፣ መልስ ትቀበላለች፤ ከዚያም አልፋ ማንም ሳያዛት ሰውዬው ያለበትን ቦታ በየጊዜው ትናገራለች።

«ይቺ መሣሪያ ናት ወይስ አማት?» አለ ደህናው።

«እነዚህን ሁለቱን ያዝና ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ዞረህ ና። ስትመለስ ሸራውን እቆርጣለሁ።»

ወጣ። እሷ የደንበኛ ሱሪ እግር ማጠፍ ጀመረች፤ ባለ ሱቁ ስልኳን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ኮረብታውን ወጣች፣ ዞረች፣ ወረደች። «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ገባ። ከዚያ ነጥቧ ቆመች። ቆየች። እንደቆመችም ቀረች።

«ለምን ቆምክ?» ብላ ጻፈች።

ሳተላይቱ ጊዜውን ወስዶ መልሱን አመጣ፦ «አየሩ ጥሩ ነው። ደህና ነኝ።»

«አየር እየተቀበሉ ይሆናል» አለ ባለ ሱቁ።

እሷ ግን መርፌዋን ሰካች። ያ ቃሬዛ ዓይኗ ላይ መጣ፤ ያን ጊዜም አየሩ ጥሩ ነበር። «ደህና የምትለዋን ቃል ሳትነካ የሆነውን ጻፍልኝ» ብላ ላከች።

ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ ከሁለተኛዋ መሣሪያ ነው፦ «ደህና ነኝ።» ባለ ሱቁ ከንፈሩን ነከሰ።

«በዚያችኛዋ አታምልጥ!» ብላ ጻፈች።

መንገዱ ላይ መኪና አለፈ፣ ጎረቤት በር ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ የሱሪውን እግር ጨምድዳ ይዛለች። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

«የውሃ ታንከር ላይ ነኝ። ሥሬ ውሻ አለ።» ቀጥሎም፦ «የሱሪዬ ግማሽ ከሱ ጋር ነው። የመፍጫው ዘበኛ ተኝቷል፣ መቀስቀስ ከበደኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ፤ ሁለቱንም በደንበኛው ሱሪ ጠረገች። ይህን ያህል ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ከዚህ ሰው እንዲህ ያለ ጥሩ ወሬ ደርሷት አያውቅም።

«ዘበኛውን እኔ እቀሰቅሰዋለሁ» አለና ባለ ሱቁ ተነሣ። እሷም ከተሰፉት ሱሪዎች አንዱን አንሥታ ወረወረችለት።

ደህናው በሰው ሱሪ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በሚያልቅ ሱሪ፣ ተመለሰ። ሸራው ተቆርጦ፣ የስፌት መኪናው እየሮጠ ነበር።

«ሦስተኛዋ ትንሽ ትከብዳለች እኮ» አለ።

«ትክበድ።»

«የአደጋ ቁልፍም አለባት» አለ ባለ ሱቁ።

«እሱ ለመጫን ቢያፍር እኔ አላፍርም፤ ያለበትን ቦታ ይዤ እኔው እጠራቸዋለሁ።» ከመኪናው ቀና ሳትል ጠየቀች፦ «እግርህስ እንዴት ዋለ?»

«ደ...» ብሎ ደህናው ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መሣሪያ አየ፤ እሷም የምታየው መሰለው። «ቁልቁለት ላይ ይወጋኛል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«በል፣ ሰኞ ቁልቁለቱን በዱላ ነው የምትወርደው።»

ለኪሱ ክዳን ላስቲክ ሰፋችለት፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። መሣሪያዋን አስገባቻት፤ አንቴናዋ በቀዳዳው ብቅ አለች። ኪሱን ማንገቻው ላይ አጥብቃ አሰረች፣ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያም ሻንጣውን በሩ አጠገብ ባለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቅላ፣ መርፌዋን ወደ መሰኪያው መለሰች።