ጠራ?

የእኔ ሥራ ቀይ ባንዲራ መስቀልና ማውረድ ነው። በከተማችን የዝናቡም የመጸዳጃ ቤቱም ውሃ የሚሄደው በአንድ ቱቦ ነው። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ይጠግብና የተረፈውን ወንዙ ውስጥ ይተፋዋል። ያኔ ባንዲራውን እሰቅላለሁ፤ ከወንዙ በጠርሙስ ቀድቼ ለላቦራቶሪ እልካለሁ። ንጹህ ነው እስኪሉኝ ድረስ መዋኘት ክልክል ነው። ሰው ስለማይመጣ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ።

ዓሣው ብቻ ይመጣል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። ክረምት ከበጋ ይዋኛል፤ ቃል ግን በብር የሚገዛ ይመስል ይሰስታል። ባለቤቴን ከቀበርን ወዲህ ልጄና እኔ ሆድና ጀርባ መሆናችንን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። በየቀኑ ለልጄ እደውላለሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዓሣውም በየቀኑ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ "ዛሬም አይጠራም?" ይለኛል።

"አይጠራም።"

ከዚያ ሁለታችንም ወንዙን እናያለን።

ያን ዕለት ጠዋት የልጄ ስልክ ጠራ። አላነሳውም፤ ግን ጠራ! ለማን ልንገር? መንገዱ ስለጨቀየ ዓሣው አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ከእሱ አንዲት ቃል በመልእክት ደረሰችኝ፦ "ጠራ?"

እንዴት አወቀ እንኳ አላልኩም። "ጠራ! ጠራ!" ብዬ መለስኩለት።

"እሰይ" አለኝ። ለእኔ ደስ ያለው መስሎኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓይኔ ባንዲራው ላይ ሲያርፍ ክው አልኩ። ሰውዬው የጠየቀኝ ስለ ወንዙ ነው! ደለሉ ወርዶ ውሃው ለዓይን ጠርቷል፤ ለሆድ ግን ገና ነው፤ የትናንቱ ውጤት መጥፎ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከጣት የወጣው የት እንደሚደርስ አልነገሩንም።

ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። እየደወልኩ ቁልቁል ሮጥኩ፤ ከቤቱ ሥር ወዳለው የወንዙ ኩርባ። መጀመሪያ ያገኘሁት ልብሱን ነው፤ አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል። ስልኩ ጫማው ውስጥ ይጮሃል። እሱ መሃል ወንዝ ላይ በጀርባው ተንሳፍፏል።

"ውጣ! አንተ ሰውዬ፣ ውጣ!"

አፉን እየጠረገ ወጣ። "ጠራ አላልከኝም እንዴ?"

"የልጄ ስልክ ነው የጠራው! ውሃውን ውጠሃል?"

"ትንሽ።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "አነሳልህ?"

"አላነሳም። አንተስ ለምን አታነሳም? ስንቴ ደወልኩ! ስልክህ ሲጮህ አትሰማም?"

ፊቱን በፎጣው ጠረገ።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ለእኔ ማን ይደውላል? ተሳስተው ነው ብዬ ተውኩት።"

በማግስቱ ሆዱ ተነሳበት፤ ሐኪም ቤት ወስጄው እዚያው አስተኙት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለት ቦታ እደውላለሁ። አንደኛው ይጠራል፣ አይነሳም። ሁለተኛው ገና መጥራት ሳይጀምር፣ "አለሁ" ይላል።