ማሽን ያጠፋች ሴት ላይ አትጩህ

ለቡ ሰፈር ባለ የጀሪካን ፋብሪካ ውስጥ ገዲሴ የምትባል ሠራተኛን የጣቷን ጫፍ ማሽን ቆረጣት። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ በፍቃዱ ያዘነው ግን ለጣቷ አልነበረም። "ሠልጥናለች! ፈርማለች!" እያለ ኮሪደሩን አናወጠው። ከዚያ ቢሮው ገብቶ የደህንነት ሥልጠናውን ጽሑፍ ሃምሳ ገጽ አደረሰው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር "ማንኛውም ሠራተኛ" ብሎ ጀምሮ "በጥብቅ የተከለከለ ነው" ብሎ ያበቃል። ከራሱ በቀር ያነበበው የለም፤ እሱም ያነበበው በራሱ ለመደነቅ ነው።

ጽሑፉን እንድታሳምር የተቀጠረችው ኤሌኒ ማሽኖቹ አጠገብ ቆማ ዋለች። ፕላስቲክ ሲቀረቀር ሴቶቹ ማሽኑን ሳያጠፉ እጃቸውን ይሰዳሉ። ማታውኑ ጎፋ፣ ገዲሴ ቤት ሄደች።

"ለምን አላጠፋሽውም?"

"ባጠፋው ሁንዴሳ አለ፣ እህቴ።" ሁንዴሳ የፈረቃ አለቃቸው ነው። "ሰው ሁሉ እየሰማ 'ልትተኚ ነው የመጣሽው?' ይለኛል። ጣቴ ይተርፋል ብዬ ነበር። ስድቡ ግን አይቀርልኝም።"

ኤሌኒ ሃምሳውን ገጽ ትታ አንድ ገጽ ጻፈች። የመጀመሪያው መስመር ለሁንዴሳ ነበር፦ "ማሽን ያጠፋች ሴት ላይ አትጩህ፤ 'ደግ አደረግሽ' በላት።"

በፍቃዱ ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ አንጠለጠለው። "ይሄ ፖሊሲ ነው የሰፈር ወሬ? ክብደት የለውም!"

"ክብደት ባለው በፊተኛው ጽሑፍማ ላይ ገዲሴ ፈርማ ነበር፣ አቶ በፍቃዱ።"

ክርክሩን ሰምተው የገቡት የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ አማከለች አንዷን ገጽ እዚያው ቆመው አንብበው ጨረሱ። ሃምሳውን ጀምረውት እንኳ አያውቁም። "በዚህ ይሠልጥኑ" አሉ።

በሥልጠናው ቀን ኤሌኒ ሁንዴሳን ማሽን ፊት አቁማ ደጋግማ አለማመደችው። "ደግ... አደረግሽ" ለማለት ጥርሱ የሚነቀል ይመስል ላብ አጠመቀው። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ሳቁ።

በሳምንቱ ፕላስቲክ ተቀረቀረና ቢፍቱ የምትባል ሠራተኛ ማሽኑን አጠፋች። ሁሉም ዞሮ ሁንዴሳን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ደግ አደረግሽ" አለ፣ ግድግዳውን እያየ። ቢፍቱ ፕላስቲኩን ነቅላ ሥራዋን ቀጠለች።

ኤሌኒ እፎይ አለች። ደስ አላት ማለት ግን አይቻልም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ቃል ለመናገር ሥልጠና የሚያስፈልገው መሆኑ አስጠልቷታል። ንቀቷን ዋጥ አድርጋ የማታውን ፈረቃ አለቃ ልታለማምድ ሄደች።