የበሰለ አይነካም

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ሌላ ኮሌታ ጠመመባት። የክፍሉ ኃላፊ ሸሚዙን አንስቶ ወደ መብራቱ አቀረበና መረመረው።

«እህቴ፣ መርፌው ነው ወይስ አንቺ?»

«መርፌው ነው።»

«መርፌውን ትናንት ቀይሬልሻለሁ።» ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ከስፌት መኪናው አነሳሻለሁ። ክር ትቆርጫለሽ።»

ክር ቆራጭ የሚከፈለው የመኪና ሰፊ ግማሽ ነው። እሷም የጠመመውን ኮሌታ መተርተር ጀመረች። ከሰሞኑ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጨርቁን ቀጥ አድርጋ እየያዘችው ከጣቷ ሥር ያመልጣታል። ዕድሜ ነው ብላ ለራሷ ነግራ ነበር።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ቆሞ ይውላል፤ እሳት የነካው ምግብ ግን በአፉ አይዞርም። ቃር ለዓመታት ደረቱን ሲያቃጥለው ኖሮ፣ ጥሬ መብላት በጀመረ ሰሞን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ማን ይመልሰው! የዳቦ ቤቱ ሰዎች «ጥንቸሉ» ይሉታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሚስቱን የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቤት ውስጥ ምንም አይብሰል። ሽታው ያሸንፈኛል።»

እሺ አለችው። ቡታጋዙን ጠራርጋ ጨርቅ አልብሳ ጥግ አስቀመጠችው። ዳቦ እንኳ ከበሩ አያልፍም፤ ከሁሉ የሚፈትነው እሱ ነውና።

የሚበላው ነገር ሒሳብ የእሷ ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በደንብ አስረድታታለች፦ የዱቄት ጆንያ የሚሸከም ሰው በቅጠል አይቆምም፤ ለጉልበቱ ፍራፍሬና ኦቾሎኒ፣ ለሰውነቱ የበቀለ ምስርና ሰሊጥ፣ ከዚህ ሁሉ ለማይገኘው አንድ ቫይታሚን ደግሞ ኪኒን ያስፈልገዋል። ነርሷ ስለ ዋጋው ያነሳችው ነገር አልነበረም። ሆድ የሚሞላው ርካሽ ነው፤ ጉልበት የሚሆነው ውድ። አቮካዶ ሲወደድ በሙዝ ትተካዋለች፤ ሙዝም ሲወደድ ተልባ ትዘፈዝፋለች። የባሏን ሳህን ሞልታ የተረፈው የእሷ ነው፤ የሚተርፈውም ዘወትር ጎመን ነው። ሥራ ቦታ ምሳ ልግዛ ብትል የሰሊጡን ገንዘብ መንካት ሊሆንባት ነው።

ያን ቀን ገበያ ለመሄድ እግሯ አልታዘዝ አላት። መንገድ ተሻግረው ለሚኖሩት አማቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ቸግሮኝ ነው። ሙዝ ይግዙልኝ፤ በርከት ያለ። ብቻ ያውቁታል፣ የበሰለ አይነካም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ።

ቤት ስትደርስ አማቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዘንቢል ሙዝ ተከምሯል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ።

«ርካሽ ነው ደግሞ!» አሉ አማቷ። «ሻጩ መርቆ ነው የሸኘኝ።»

«እማዬ… ይሄ እኮ ጥሬ ነው።»

«ታዲያ! ጥሬ አይደል የሚበላው?»

«ጥሬ ማለት… የበሰለ ጥሬ።»

«የበሰለ ጥሬ!» አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ልጄ፣ አርጅቻለሁ እንጂ አላበድኩም። የበሰለ አይነካም አላልሽኝም?»

«በእሳት የበሰለ ነው የማይነካው። ዛፍ ላይ የበሰለ ይበላል።»

«እንግዲያ እሳቱንና ዛፉን ለይታችሁ ንገሩኛ!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተበጠሰና ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ተቀመጠች። አማቷ ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚያ እጇን ከፊቷ ላይ አንስተው ተመለከቱት።

«ይሄ እጅ ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«ድካም ነው።»

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ጎመን።»

«ትናንትስ?»

«እሱኑ።»

«እሱስ ቃር አለበት» አሉ አማቷ። «አንቺስ ምን አለብሽ?»

ይህን ነርሷም፣ ባሏም አልጠየቋትም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

አሮጊቷ ወደ ጥጉ ሄዱና ጨርቁን ገለጡት። «ገንዛችሁታል እኮ፣ ምስኪኑን!» ቡታጋዙን ለኮሱ። ያን ጥሬ ሙዝ ልጠው፣ ከትፈው፣ በሽንኩርትና በጨው ቀቀሉት። እንፋሎቱ የመስኮቱን መስታወት ሲያለብሰው ልብስ ሰፊዋ ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ መብላት ጀመረች።

ጋጋሪው በሩን ከፍቶ እዚያው ደፍ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ጥሬ ሙዝ» አሉ እናቱ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ልብስ ሰፊዋ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ከመኪናው ሊያነሱኝ ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያንተን ሳህን ስሞላ የኔ ጎደለ።»

ጋጋሪው መጥቶ የእጇን አንጓ ያዘ። ሊጥ በመዳፉ ነክቶ ደርሷል፣ አልደረሰም የሚል ሰው ነው። አንጓዋን ከአውራ ጣቱና ከሌባ ጣቱ መካከል ቢያስገባው፣ ጣቶቹ ተገናኝተው ተረፉ።

«ቃሩ ይመለስብኛል ብዬ ነው እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ጥሬህን ብላ፤ ማን ከለከለህ? እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ አበስላለሁ።»

ጋጋሪው እጇን ለቀቀ። አንድ ጊዜ ወደ ድስቱ አየ፤ ምራቁንም ሲውጥ ተሰማ። ከዚያ ሳህኑንና ኦቾሎኒውን ይዞ ወንበሩን ጎተተ፤ ጀርባውን ለቡታጋዙ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ክዳኑን ግጠሙልኝ» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ነገ ዳቦ ይዤልሽ እመጣለሁ። በላስቲክ አስሬ።»

«ደጋግመህ እሰረው» አሉ እናቱ። «አንተን አላምንህም።»

የተረፈውን ሙዝ ወስደው እፊቱ መስኮቱ ላይ ደረደሩት፤ እስኪበስል።

ልብስ ሰፊዋ ለመደሰት አቅም አልነበራትም። ማንኪያውን አነሳች። አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም ሳይደፋ አፏ ደረሰ።