ክሬም ወይስ የዝሆን ጥርስ

"እሺ፣ አሁንስ? መብራቱን ሳጠፋው የቱ ይሻላል?"

ሲል ባል ሚስቱን ጠየቃት። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው፤ የጣቶቿ ጠመኔ እንኳ አልታጠበም። ባሏ ባዶው ክፍል መሀል ቆሞ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን የተቀቡት ሁለት ቀለሞች ላይ አፍጥጧል። አንዱ ክሬም ነው፤ ሌላውን ባለሱቁ "የዝሆን ጥርስ" ብሎታል። ለእሷ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ውሃ የበዛበት ወተት።

"ግራው" አለች።

"ግራው ትንሽ ቢጫ አይልም?"

"እንግዲያው ቀኙ።"

"ቀኙ ደግሞ የሆስፒታል ሆነብኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ልታሳብደኝ ነው እንዴ! የእናትህ መኝታ ቤት እኮ ነው፤ ቤተ መንግሥት አይደለም!"

በሩ ጋ የተቀመጠው ቀለም ቀቢ ጉሮሮውን ጠረገ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ ብሩሹ ደርቆበታል። "እትዬ፣ እኔም ሌላ ሥራ አለብኝ" አለ።

የባሏ እናት ደጃፋቸው ላይ ወድቀው እጃቸው ሲሰበር ልጆቻቸው በባሏ እህት ጥሪ ተሰብስበው ወሰኑ፦ ከእንግዲህ ብቻቸውን አይኖሩም፤ ትልቁ ልጅ ጋ ይገባሉ። እሷም የፈተና ወረቀት የምታርምበትን ጠረጴዛ ወደ ኮሪደር አውጥታ ክፍሉን ለቀቀች። የእናቲቱ እጅ ከዳነ ቆየ፤ ክፍሉ ግን አላልቅ አለ። መጀመሪያ መስኮቱ ለባሏ አልተመቸውም፣ ቀጥሎ ወለሉ፣ አሁን ደግሞ ቀለሙ። ሸሚዝ ሲገዛ ከመጀመሪያው ሱቅ የማያልፍ ሰው!

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ አነሳው።

"ልጄ፣ ቀለሙ እንዴት ሆነ?"

"ገና አልመረጥንም፣ እማዬ።"

"ተመስገን!" አሉ። ወዲያው ድምፃቸውን አስተካከሉ። "ማለቴ፣ አትቸኩሉ። ሽንኩርት ተክያለሁ፤ ሳይደርስ የት እሄዳለሁ?"

ስልኩ ሲዘጋ ሚስቱ ትክ ብላ አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

"እማዬ መምጣት አትፈልግም" አለ ቀስ ብሎ። "ቤቴን አታስለቅቁኝ ብላ አልቅሳ ለመነችኝ። እህቴን ደግሞ ማን ደፍሮ ይናገራታል?"

"ለእኔስ መናገር አቃተህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ስር ስታቆመኝ!"

"አንቺም ከእህቴ ጋር የመከርሽ መስሎኝ።"

ያንን የደረቀ ብሩሽ አንስታ ብትወረውርበት ደስ ባላት። ግን ደግሞ አሮጊቷ "ተመስገን" ያሉበት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል፤ ከእስር እንደተፈታ ሰው ነበር ያሉት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የእህቱን ቁጥር ሲያይ ባሏ እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አለ። ነጥቃው አነሳችው።

"ቀለሙ አለቀ?" አለች እህቱ ያለ ሰላምታ። "ቅዳሜ ላመጣት ነው።"

"አላለቀም፤ ቢያልቅም እንዳታመጫቸው" አለች ሚስት። "ቅዳሜ እኛ እንመጣለን፤ አንቺም እዚያ ጠብቂን። የሚፈልጉትን ከራሳቸው አፍ እንስማ።"

እህቲቱ መጮኽ ስትጀምር ስልኩን ዘጋችውና ወደ ቀለም ቀቢው ዞረች።

"ወንድሜ፣ ይሄ ክፍል ይቆይ። ና፣ ወጥ ቤቱን ቀባልኝ።"

"በየትኛው?"

ባሏ አፉን ሊከፍት ሲል አየችው።

"እጅህ በገባው!"