እሸቴ የላካቸው ሽማግሎች

«እርጅና ነው እማማ» አላት የጤና ጣቢያው ልጅ፣ ክንዷን እንኳ ሳይነካ። እርጅና! አሰፋሽን የጎዳት እርጅና ከሆነ፣ ግራ እጇን ትቶ ቀኙን ብቻ የመረጠበትን ምክንያት ይንገራት እስቲ። ከደብረ ታቦር አንበሳሜ ገበያ በእግሯ ስትመላለስ የኖረች ሴት፣ በአንድ ጀንበር በቀኝ ክንዷ ብቻ አረጀች?

ክንዷን የሰበራትስ የእሸቴ ጆንያ ነው። እሸቴ የእህል ነጋዴ ነው፤ አሰፋሽና ሌሎች ሴቶች መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠው ምስርና ባቄላ ይለቅሙለታል። በዚያ ሰሞን ጆንያውን እስከ ጣራ ከምረውት ነበር። «ኧረ ይኸ ነገር ይናዳል» ብትል፣ «አንቱ ምስርዎን ይልቀሙ» ተባለች። ተናደ።

እሸቴ ደንግጦ ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ ወጌሻ ዘንድ ወሰዳት። ሐኪም እንዴት እንደተሰበርሽ ጠይቆ ይጽፋል፤ ወጌሻ አሽቶ ይሸኛል። ይኸ የገባት ኋላ ነው። ወጌሻው በሸምበቆ ጠፍሮ አሰራት፤ ጣቶቿ አብጠው ጠቆሩ። የጤና ጣቢያው ልጅም እርጅና ብሎ ሸኛት። በመጨረሻ ሆስፒታል ራጅ ያነሳት ሐኪም «አጥንቱ ያለ ቦታው ገጥሟል፤ ባሕር ዳር ሄደው ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገልዎ ይኸ እጅ ከእንግዲህ አይጨብጥም» አላት።

እሸቴን «አሳክመኝ» ብትለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እቤትዎ ወድቀው ነው» አለ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ምስሩ ላይ ተከሉ። ምን ያድርጉ፣ እንጀራቸው ነው።

ለድሃ በነጻ ጥብቅና የምትቆም ሶስና የምትባል ልጅ አለች ሲሏት ሄደች። ልጅቱ መልካም ናት፤ ብቻ ጥያቄዋ አያልቅም።

«ሲናድብዎ ያየ ማን አለ?»

«እኔ አይቻለሁ!»

«ከእርስዎ ሌላ፣ እማማ።»

«ክንዴ!»

ሶስና ሳቋ አመለጣት። «ክንድዎ ፍርድ ቤት ቃል አይሰጥም። የሚመሰክር ሰው ይፈልጉልኝ፤ ያኔ እሸቴ ተገዶ ያሳክምዎታል።»

አሰፋሽ ያልለመነችው ሰው የለም። ሁሉም አይቷል፤ ማንም አላየም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሎች በሯ ላይ ቆሙ። ከፊት የእሷም የእሸቴም የንስሐ አባት መምሬ ዋልልኝ፣ ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ በላይነህና አንድ የእሸቴ ጎረቤት። እሸቴ ክስ መታሰቡን ሰምቶ ኖሯል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ መምሬ፣ በክርስትና ስሟ እየጠሯት። «ወለተ ማርያም፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። እሸቴ ተጸጽቷል፤ ይቅር በዪው።»

«ምን በድሎኝ?»

መምሬ ግራ ገባቸው። «ያው… ክንድሽን ነዋ።»

«ክንዴን እቤቴ ወድቄ አይደል የሰበርኩት? ሽማግሌ የላከው ስለ ቤቴ ወለል ነው?»

የበላይነህ ትዕግሥት አለቀ። «ኧረ ተይ እቴ! ‹ጆንያው ተንዶባት ነው፣ አጥፍቻለሁ፣ አስታርቁኝ› ብሎ እግራችን ላይ ወድቆ አይደል የላከን!»

ያልበደለ ሽማግሌ አይልክም፤ ይኸን ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል። አሰፋሽ በየሰዉ ደጅ ስትለምነው የከረመችውን ቃል፣ እሸቴ ራሱ በሦስት ሰው አሸክሞ እቤቷ ድረስ ልኮላታል።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

«እግዚአብሔር ያክብርሽ!» ብለው መምሬ መደቡ ላይ አረፍ ሊሉ ጎንበስ አሉ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። ክንዴ ግን ይቅር የሚለው ሲታከም ነው። ነገ ሦስታችሁም ሶስና ዘንድ ሄዳችሁ፣ እሸቴ ያላችሁን ትነግሯታላችሁ።»

መምሬ ከጎነበሱበት ቀና አሉ። «ልጄ፣ የንስሐ ነገር አደባባይ አይወጣም።»

«ንስሐ በእድር ዳኛ ፊት ይገባል እንዴ? ብቻዎን ሳሉ የነገረዎት ካለ ለእርስዎ ይሁን፣ እኔ አልጠይቅም። ሽማግሌ አድርጎ ያሸከመዎትን ነው የምልዎት!»

«እኛ የመጣነው ለእርቅ እንጂ ለክስ…»

«ለእርቁማ ታረቅን፣ አለቀ! ሴቶቹ እንጀራቸውን ፈርተው ዝም አሉ፤ እርስዎ ማንን ፈርተው ነው? ነገ በሁለት ሰዓት ሶስና ቢሮ ይምጡና፣ አሁን እዚህ የነገራችሁኝን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ይድገሙት።»