ሦስት ተጽፎ ስምንት

ጣታችሁ ያልጻፈውን ቁጥር ጽፋችኋል ተብላችሁ ተከሳችሁ ታውቃላችሁ? ነርሷ ተከሳለች። ሃያ ዓመት የበሽተኛ መድኃኒት ስትመዘግብ የኖረች ሴት፣ በሦስት ሚሊግራም ፋንታ ስምንት አስገብታለች ተብላ ከሥራ ታገደች። ፋርማሲስቱ ባይነቃበት ኖሮ ሰው ይሞት ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ ትናንት «እትዬ» ሲሏት የነበሩ ሁሉ ዛሬ «ዓይኗ ደክሟል» አሉ።

የመመዝገቢያውን ሠንጠረዥ ፕሮግራም የጻፈችው ወጣት ግን አላመነችም። ነርሷን የሙከራው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ እኔን እንደሌለሁ ይቁጠሩኝና እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ።»

«እንዲህ አፍጥጠሽብኝ እንዴት ልቁጠርሽ?» አለች ነርሷ፤ ግን ሦስት ቁጥርን ጻፈች። ቀጥሎ፣ የበሽተኛውን ስም ከላይ ለማረጋገጥ፣ የማውሱን ጎማ በጣቷ ወደ ላይ ገፋች። ዝርዝሩ ንቅንቅ አላለም። ሦስቱ ግን አራት ሆነ፤ አምስት፤ ስምንት።

«ይኸው፣ ይሄ ኮምፒውተር ዛሬም ተኛ!» ብላ ነርሷ ሌላ መስመር ጠቅ አደረገች። ዓይኗ ስሙን እየፈለገ ነው። ስምንቱ ተመዘገበ።

ወጣቷ አመድ መሰለች። ቁጥሩ የሚገባበትን ቦታ ያበጀችው ራሷ ናት። ተራውን የጽሑፍ ሣጥን አንስታ፣ ጎማው ሲሽከረከር ቁጥር የሚጨምርና የሚቀንስ ሣጥን ተካችበት፤ ኮርታበትም ነበር። ለጥንቃቄ ደግሞ «3 ወደ 8 ይቀየር?» ብሎ የሚጠይቅ መልእክት አስገብታ ነበር። እሱን ያስወጣው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ «ሰዓት ይፈጃል» ብሎ።

ቢሮው ድረስ ሄዳ ነገረችው። ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«በሚቀጥለው የፕሮግራሙ እትም ዝም ብለሽ አስተካክይው። ማን ጠየቀሽ?»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷማ ጡረታዋ ደርሷል።»

ጡረታዋ ደርሷል! የሃያ ዓመት ስም እንዲህ ነው የሚሰረዘው፤ በሩ በተዘጋ ክፍል፣ በሁለት ቃል።

የዲሲፕሊን ስብሰባው ዕለት ወጣቷ ማንም ሳይጠራት ተነሣች። ነርሷ እጅጌዋን ጎተተቻት። «ተይ ልጄ፣ ሥራሽን ታጫለሽ።»

«ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የኔን ጥፋት መዝግቡት» አለች ወጣቷ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ለምን እንዳስወጡት፣ በር ዘግተውም ምን እንዳሉኝ፣ እዚሁ እትዬ ፊት ይናገሩ። ይኼ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ይመልሱ!»